«የተማርሽው ጉድጓድ ለማስቆፈር ነው?» ለተባለችው ተመራቂ

ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ጅማ ላይ የሲቪል ምህንድስና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል። አንዱ የጂ ፕላስ አራት ሕንፃ ሳይት መሐንዲስነት ነው። ሌላው የአፈር ምርመራ በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ከቁፋሮ ማሽኑ ጋር እየዞርሽ ሎግ፣ ማለትም በየጥልቀቱ የወጣው አፈርና የተለካው ነገር መዝገብ፣ መያዝ ሲሆን ደሞዙ ያንሳል። እናትሽ «አምስት ዓመት የተማርሽው ጉድጓድ ለማስቆፈር ነው?» አሉሽ። አንቺ ደግሞ ሁለቱንም ትቼ ማስተርስ ልቀጥል ወይ እያልሽ ነው።

በእኔ በኩል ጉድጓዱን ያዢ። ማስተርሱ ከአዲስ አበባም ከጅማም አይሸሽም፤ ሁለት ክረምት መስክ ላይ ካሳለፍሽ በኋላ ስትገቢ ግን የምታጠኚው አፈር እጅሽ ላይ ተለጥፎ ያየሽውን ይሆናል።

ደግሞ ለዚህ ሙያ እንደ ጅማ የሚመች ከተማ የለም ብል አላጋነንኩም። ከጅረን ኮረብታ ቁልቁል ወደ አዌቱ ወንዝና ወደ ቦዬ ረግረግ ስትወርጂ መሬቱ ይለወጥብሻል፤ ከፍታው ላይ ቀይ፣ ረባዳው ላይ ጥቁር። ጥቁሩ አፈር በበጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በውስጡ ያለው ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ውሃውን በንብርብሮቹ መካከል ስለሚያስገባ ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ሕንፃ ይፈራል እንጂ ይህ እብጠት ቶሎ የሚጎዳው ቀላሉን ነው፤ ፎቅ የሌለውን ቤትና አጥሩን። ክብደታቸው ተጭኖ አይዘውም። ቤታችሁ ቦዬ በኩል መሆኑንና ክረምት ሲገባ የሳሎኑ በር አልዘጋ እንደሚል ጽፈሽልኛል። እንግዲህ እናትሽ የምትገቢበትን ሙያ ጥያቄ በየዓመቱ በትከሻቸው ሲገፉ ኖረዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የቡድኑ ዋና ነገር ማሽኑ ይመስላል፤ ግን ዋናው ሎግ ያዡ ነው። የአፈሩን ጥንካሬ በመዶሻ ምት ብዛት የሚለካውን የኤስፒቲ ሙከራ ውሰጂ። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ ይለቀቃል፣ ናሙና መውሰጃው 45 ሴንቲሜትር እስኪገባ ምቱ በየ15 ሴንቲሜትሩ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው 15 ይጣልና የቀሪዎቹ ሁለት ድምር ውጤቱ ይሆናል። ይህን በክፍል ተምረሻል። ያልነገሩሽ መዶሻውን በገመድ እየሳበ የሚያነሳው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ እንደሚደክም ነው። ሲደክመው መዶሻው 76 አይሞላም፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ምቱ ይበዛል፤ ወረቀቱ ላይ አፈሩ ከሆነው በላይ ጠንካራ ይመስላል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሬቱ ድንገት «ከጠነከረ» መጀመሪያ ሰውየውን እዪ፤ ውሃ ስጪው፣ አሳርፊው፣ ከዚያ ቁጠሪ።

የላቦራቶሪ ናሙናም እንዲሁ ነው። ጫፉ በሰም ሳይታሸግ ፒክአፕ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ናሙና የእርጥበት መጠኑ ይዋሻል። ላቦራቶሪው ምንም ቢራቀቅ ያንን አያስተካክለውም።

የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ በየካቲት ያስቆፈርነው ጉድጓድ ማታ ላይ ደረቅ ነበር። ሸክላ አፈር ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ መለካት ነበረብኝ። መኪናው ወደ ሌላ ሳይት ሊሄድ ነበርና «ውሃ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። ሐምሌ ላይ የመሠረቱ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው እስከ ጉልበት ሞላ፤ ባለቤቱ ለፓምፕ ኪራይ ያወጣውን ብር እየጠቀሰ ለወራት አልተወኝም። እውነቱን ነበር።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ በቅርቡ ትሰሚዋለሽ፦ «የጎረቤቱ ሪፖርት አለ፣ ስሙንና ቀኑን ቀይረሽ አምጪልኝ»። ለግንባታ ፈቃድ ወረቀት ብቻ የሚፈልግ ባለቤት ሞልቷል። እንደ ጅማ ባለ ከተማ ግን የጎረቤትሽ አፈር ያንቺ አፈር ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ግቢ ቀዩ ላይ፣ ሌላው ጥቁሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ሥራው ጉድለት የለውም አልልሽም። ክረምት ላይ ይቀዛቀዛል፣ አነስተኛ ድርጅት ደንበኛው እስኪከፍል ደሞዝ ሊያዘገይ ይችላል፣ ሴት ልጅ ከከተማ ውጭ ስታድር የማረፊያው ነገር በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የሳይት መሐንዲስነቱም መጥፎ አይደለም፤ ፌሮና ፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫውን) እያየሽ ሰው ማስተዳደር ትማሪያለሽ። ግን ያንን ሥራ ከሁለት ዓመት በኋላም ታገኚዋለሽ። መስክ ላይ አፈር ማንበብን ግን በኋላ ቢሮ ሆነሽ መማር ይከብዳል።

መልስ የምትሰጪው ዓርብ ነው ብለሻል። ከመፈረምሽ በፊት የመስክ አበሉንና ማረፊያውን በጽሑፍ አስቀምጪ። ላቦራቶሪው የራሳቸው ከሆነ በወር ጥቂት ቀን እዚያ እንድትውዪ ጠይቂ፤ ካልሆነም ናሙናውን ራስሽ እንድታደርሺ። በመጨረሻ «ሪፖርቱን የሚፈርመው ማነው? ቁፋሮው ላይስ ይመጣል?» በይ። ስሙን ጠርተው ከሰውየው ጋር ካገናኙሽ ግቢ። ዳር ዳር ካሉ ግን የመጀመሪያውን ምክሬን አነሳለሁ፤ ሳይቱን ያዢና ሌላ የአፈር ድርጅት ፈልጊ።