የበሬዬ ጫንቃ አብጧል፤ ልተኩሰው?

ጥያቄው የመጣው ከደምቢያ ነው። «በሬዬን ቀንበር ልጦት ጫንቃው አብጧል። ይሞቃል፤ ስነካው ይወራጫል። አንዱ ጎረቤቴ በጋለ ብረት ተኩሰው ይለኛል። ሌላው ወግተህ አፍስሰው ይላል። ዝናቡ ደርሷል፤ መሬቱ ግን ገና አንዴ ብቻ ነው የታረሰው። ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ፣ አይተኩሱት። አይውጉትም።

ቁስል ሲያብጥና ሲሞቅ «ተቆጣ» እንላለን። በሕክምናው ብግነት ይባላል። የበሬው ገላ ራሱን ለማዳን ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ቆዳው ሲላጥ የተጎዳው ሥጋ የሚለቃቸው ኬሚካሎች በዙሪያው ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል። ብዙ ደም ይመጣል፤ ቦታው ይሞቃል። ከሰፉት ሥሮች ፈሳሽ ይወጣል፤ ያብጣል። ነርቩም ይነካል፤ ያመዋል። በሰዓታት ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሱና የገባውን ጀርም እየዋጡ ያጠፋሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው በዚህ ሥራ ላይ የሞቱት ሴሎች ናቸው።

ቆዳው ጥቁር ከሆነ መቅላቱ አይታይም። የእጅዎን ጀርባ እብጠቱ ላይ፣ ቀጥሎ በሌላው ጎን ደህናው ቦታ ላይ ያድርጉት። የሙቀቱን ልዩነት እጅዎ ይነግርዎታል። ጠዋትና ማታ እንዲህ ይሞክሩት። ሙቀቱ እየቀነሰ ከሄደ እየዳነ ነው።

በጋለ ብረት ሲተኮስ ግን ገላው ሌላ ቁስል ይጨመርበታል። ማክሰኝት አካባቢ አምስት ቦታ የተተኮሰ በሬ አይቻለሁ። ላዩ ደርቆ የዳነ ይመስላል። ቅርፊቱን ጫን ስለው ከሥሩ መግል ወጣ። ባለቤቱ ክረምቱን ሙሉ ያለ በሬ ከረመ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ከሁሉ በፊት ቀንበሩን ያውርዱለት። ይህ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩና ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቡት። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያሳርፉበት፤ እብጠቱን ያስታግሳል። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ይሻላል። ዝንብ እንዳያርፍበት ይጠብቁት፤ እንቁላሏን ከጣለች ትል ይሆናል። ናፍታና የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይቀቡት፤ ሥጋውን ይጎዱታል።

ቦታው እየለሰለሰ ከመጣ፣ ሲጫኑት ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ከተሰማዎት መግል ቋጥሯል። ያኔ መከፈት አለበት፤ የሚከፍተው ግን ባለሙያ ነው። በንጹሕ መሣሪያ፣ መግሉ ወደ ታች እንዲወርድ ከግርጌው በኩል ይከፍተዋል። ያልበሰለ እብጠት ቢወጉ የሚወጣው ደም ነው፤ ለጀርምም በር ይከፍታሉ።

ከገበያ መድኃኒት ገዝተው በግምት አይውጉት። በተለይ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሰው ማስታገሻ። በሬው ቢሞትና ጥንብ አንሳ ቢበላው ወፉንም ይገድላል። ሕንድ አሞሮቿ ሊያልቁባት ከተቃረቡ በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. ለከብት እንዳይሰጥ ከልክላለች።

በሬው መብላትና ማመስኳት ካቆመ ወይም ሙቀቱ ከ39 ተኩል ዲግሪ ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ክሊኒክ ይውሰዱት። ሌላም ልጨምር። ምንም ሳይላጥ ጭኑ ወይም ትከሻው በድንገት ያበጠ፣ የሚያነክስ፣ ሲጫኑትም ከሥሩ የሚንኮሻኮሽ ወይፈን ካዩ ያ የቀንበር ቁስል አይደለም። አባ ጎርባ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። ለዚህ ክትባት አለው፤ ከክረምቱ በፊት ያስከትቡ።

እርሻው እንደሚያስጨንቅዎ አውቃለሁ። ደህናውን በሬዎን ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ያጣምዱትና ይረሱ። የታመመው ቆዳው እስኪገጥምና ሲነኩት መወራጨቱን እስኪተው አይጠመድ። እስከዚያው ቀንበሩን ይመርምሩት። መዳፍዎን ከሥሩ ያስኪዱት፤ እጅዎን የሚቧጭረው ቦታ በሬውን የላጠው ነው። እዚያ ላይ ይጥረቡት፣ ያለስልሱት፣ ጠጉሩ ያልረገፈ የበግ ለምድም ይጠቅልሉበት። ለምዱ ዝናብ ከመታው አድርቀው ይመልሱት፤ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይላጣል።