ጳጳስ ካልሆነ አይፈታሽም ተባልኩ

ጥያቄ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፅንስ አስወርጃለሁ። "ይሄን ጳጳስ ካልሆነ ማንም አይፈታም" ሲሉኝ ፈራሁ። ለቆሞሳችን ስናዘዝ እሱን ዘልዬ ሌላውን ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ አልቀርም፤ ሰው ለቁርባን ሲሰለፍ ግን አግዳሚው ላይ እቀራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰዎቹ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን፣ በላቲን (በምዕራቡ) ሥርዓት ሕግ ፅንስ ማስወረድ ከኅብረት የሚለይ ቅጣት አለው። የእኛ የግእዝ ሥርዓት የሚተዳደርበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ደግሞ ፍታቱን፣ ማለትም ከኃጢአቱ መፍታቱን፣ ለጳጳስ ያቆየዋል። ግን ወሬው አርጅቷል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የምሕረት ዓመት ብለው ላወጁት ዓመት ይህን ሥልጣን ለካህናት ሁሉ ሰጡ። ዓመቱ ሲዘጋ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ በዚያው ይቀጥል አሉ። እንዲያናዝዝ የተፈቀደለት ካህን ሁሉ ይፈታሻል። ጳጳስ ቤት ደጅ አትጠኚም።

እኔን ያሳሰበኝ የዘለልሽው ነው። የረሳነው ኃጢአት ከሌላው ጋር ይሠረያል፤ ትዝ ሲለን በሚቀጥለው ኑዛዜ እንናገረዋለን። እያወቁ የደበቁት ከባድ ኃጢአት ግን ኑዛዜውን እንዳለ ያበላሸዋል። ስለዚህ ያንን እንደገና ጀምሪው። "አባ፣ ባለፈው አፍሬ የደበቅኩት አለ" ብለሽ ግቢ። ከባዷ ዓረፍተ ነገር እሷ ናት። ከዚያ ያደረግሽውን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነም ተናገሪ፤ ያኔ የተናዘዝሽውንና ከዚያ ወዲህ ያለውንም ጨምሪ። የክሊኒኩ ታሪክና የሰውየው ስም አያስፈልግም። ተገደሽ ወይም ገና ልጅ ሳለሽ ከሆነ ግን ንገሪያቸው፤ ሕጉ ይህን ይመዝናል።

ቆሞሳችሁን ማፈርሽ ይገባኛል። እኔም ለመናዘዝ ሩቅ ቁምስና (ደብር) የምሄድበት ቀን አለ። እንደ ኦርቶዶክስ ወገኖቻችን አንድ የንስሐ አባት መያዝ ግዴታ የለብንም፤ ሌላ ካህን ጋ ሂጂ። በስልክ ግን አይሆንም። ካህኑ ለፖሊስም ለጳጳሱም ትንፍሽ አይልም። የኑዛዜ ምሥጢር ያወጣ ካህን ይወገዛል፤ ዛሬም ጉዳዩ ሮም ድረስ የሚሄድበት እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

ቀኖናውን ሳልጨርስ ልቁረብ ወይ ብለሽም አትጨነቂ። እኛ ዘንድ ፍታቱ ይቀድማል፣ ቀኖናው ይከተላል። ቅዳሜ ከተፈታሽ እሑድ ተሰለፊ።