ጥያቄና መልስ፦ አውሮፕላን ማረፊያው ሲዘጋ መሬቱ ምን ይሁን?

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የከተማ ፕላን ተማሪ ነኝ። ከተማ መሐል የነበረ ማረፊያ ሲዘጋ መሬቱን ለንግድ፣ ለቅርስና ለመዝናኛ መሸንሸን የሚጀመረው ከየት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከአፈሩ። ካርታው ላይ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሦስት ቦታዎች ተቆፍረው ናሙና ይወሰድ፦ የነዳጅ ዲፖው፣ የጥገና ሃንጋሮቹ ዙሪያ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይለማመዱበት የነበረው ሜዳ። ዲፖው ነዳጅ፣ ሃንጋሩ ደግሞ የቅባት ማጠቢያ ኬሚካል ያሰርጋሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሜዳው ነው። በማጥፊያው አረፋ ውስጥ የነበረው ፒፋስ የሚባል የኬሚካል ዓይነት አይበሰብስም፤ ከዝናብ ጋር ወርዶ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ይገባል። ፕላን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ዋጋው የረከሰውን ጥግ ለመዋለ ሕፃናት ይሰጡታል፤ ዋጋው የረከሰው ግን አፈሩ ስለተበከለ ነው። አፈሩ ተነሥቶ እስካልተለወጠ ድረስ ለመኪና ማቆሚያ ይሁን፤ የውኃ ጉድጓድም አይቆፈርበት።

ጥያቄ፦ መንደርደሪያው ይፍረስ ወይስ ይቆይ? እኛ ሰፈር የነበረው ስቴፕልተን ኤርፖርት ፈርሷል። (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ በ1995 የተዘጋው ስቴፕልተን ኮንክሪቱ እዚያው ተፈጭቶ ለመንገድና ለሌላ ግንባታ ውሏል፤ የመቆጣጠሪያ ማማው ግን ቆሟል። ሥራውን በቁጥር ይዩት። ርዝመቱ 2,000፣ ስፋቱ 45 ሜትር፣ ውፍረቱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ መንደርደሪያ 31,500 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወጣዋል፤ ወደ 75,000 ቶን ማለት ነው። ሲሰባበር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚያብጥ፣ 16 ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሦስት ሺህ ገደማ ምልልስ ይሆናል። ስለዚህ ክሬሸሩ (መፍጫ ማሽኑ) ወደ ኮንክሪቱ ይምጣ፤ ፌሮው በማግኔት ይለይ፤ ጠጠሩ ለውስጥ መንገዶች ሰብቤዝ (ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፍ ድልድል) ይሁን።

ካስቀሩት ደግሞ ውኃውን ያስቡ። በዚያው መንደርደሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1,800 ሜትር ኩብ ጎርፍ ነው። ጠርዙን ይዞ ሣር የለበሰ ቦይ ካልተሠራ ታች ያለው ሰፈር ይዋኛል። ኮንክሪቱ ከተነሣበት ቦታ ዛፍ ሲተክሉም ጉድጓድ ብቻ አይቆፈር። ከኮንክሪቱ በታች የነበረው መሬት በሮለር የተደቀደቀ ስለሆነ ጉድጓዱ እንደ ገንቦ ውኃ ያቁርና የዛፉን ሥር ያበሰብሳል። መሬቱ በሪፐር (በዶዘር ኋላ በሚገጠም የብረት ጥርስ) ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይሰንጠቅ።

ጥያቄ፦ በርሊን ቴምፕልሆፍ ላይ ቤት አይሠራበት ተብሏል። ይህ ብክነት አይደለም? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ግማሽ ልክ ነዎት። ማረፊያው በጥቅምት 2008 ተዘጋ፤ በግንቦት 2010 ደግሞ 300 ሄክታር የሚሆነው ሜዳ ፓርክ ሆነ። ከተማው ጠርዝ ጠርዙ ላይ 4,700 ያህል ቤቶች ሊሠራ ሲል፣ በግንቦት 2014 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 64 በመቶው ድምፅ ሜዳው አይነካ አለ። በእኛ እይታ ስሕተቱ የተሠራው አስቀድሞ ነው፦ አራት ዓመት ሕዝብ ብስክሌት የነዳበትን ሜዳ መልሶ መውሰድ ይከብዳል። ግንባታ የታሰበበት መሬት ከመጀመሪያው ቀን መታጠር ነበረበት።

ገንዘብ የሚበላው ግን ሜዳው ሳይሆን ሕንፃው ነው። 1.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቅስት፣ ወደ 300,000 ካሬ ሜትር ወለል፣ የ1930ዎቹ ቧንቧና ሽቦ። ቅርስ ስለሆነ የድንጋይ ፊቱን በሙቀት መከላከያ መሸፈን አይቻልም፤ የጭስ ማውጫና የአደጋ ደረጃ ማስገባትም እያንዳንዱ በፈቃድ ነው። ፖሊስ ትልቁ ተከራይ ሲሆን ሃንጋሮቹ ለኤግዚቢሽን ይከራያሉ። ቅርሱም የ1948ቱ የአየር ድልድይ (ሶቪየቶች መንገድ ለዘጉባት ምዕራብ በርሊን ስንቅ በአውሮፕላን የገባበት) ኩራት ብቻ አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች እዚያ የጦር አውሮፕላን ይገጣጥሙ ነበር። ያንን የማይናገር የማስታወሻ ሰሌዳ ግማሽ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው የትኛው ኤርፖርት ነበር? (ከሪያድ)

መልስ፦ የልደታው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለገዛቸው የቦይንግ 720 ጄቶች መንደርደሪያው አጠረ፤ ስለዚህ ቦሌ ተሠራ። የሰፈሩ ስም ግን እዚያው ቀረ።