ለአሮጌ ኮሮላ የትኛው ሞተር? ጥያቄና መልስ

ሠላሳ ዓመት ያለፋቸውን ትንንሽ መኪኖች ሞተር በአነስተኛ ገንዘብ ስለመቀየር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ ትቀየሙኛላችሁ፤ የሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) የጠዋት ዋጋ ከሰዓት በኋላ ስለማይሠራ ቁጥር አልጠራም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ1990 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ሞተሩ 2ኢ፣ ባለ ካርቡራተር ነው። ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ላሠራው ወይስ ልቀይረው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጭሱን ተመልከት። አድሮ ጠዋት ሲነሳ ብቻ አጭሶ የሚያቆም ከሆነ የደረቁት የቫልቭ ጎሚኒዎች ናቸው፤ ዘይት በቫልቮቹ ላይ እየወረደ ያድራል። ለዚህ ሞተር አይቀየርም። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጠው ከኋላህ ያለው ሾፌር መስኮቱን እስኪዘጋ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል። ያኔ ፒስቶኑ፣ ፋሻው፣ ብሮንዚናው (የዘንጉ ማረፊያ)፣ የቶርኖ ቤቱም (የብረት ቆራጩ) ክፍያ ሲደመር ያገለገለ ሙሉ ሞተር ከመግዛት ላይለይ ይችላል። 2ኢ ደግሞ ያን ያህል ወጪ የሚገባው ሞተር አይመስለኝም። ካርቡራተሩ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ጫካ ናቸው፤ ግማሾቹንም ከአንተ በፊት የነበረ መካኒክ በቡሎን ደፍኗቸዋል።

ጥያቄ፦ ቢቀየርስ በምን?

መልስ፦ በ4ኢ-ኤፍኢ። የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው፤ 1,331 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ነዳጁን በኢንጀክተር የሚረጭ። ቶዮታ ራሱ በኋላ በመጡት ኮሮላዎችና በስታርሌት ላይ ገጥሞታል። ከነበረው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ጋር ይጋባል። የአሮጌውን ሞተር እግሮች (ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዙትን) ግን እንዳትጥል፣ አዲሱ ላይ ማዛወር ሊያስፈልግህ ይችላል።

ሰው የሚረሳው ነዳጁን ነው። የካርቡራተር ፖምፕ የሚገፋው ከ0.3 ባር ብዙም በማይበልጥ ግፊት ነው፤ ኢንጀክተር ግን 3 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ፖምፕ፣ ግፊቱን የሚችል ጎማ፣ ማጣሪያና ወደ ታንከር የሚመለስ መስመር ያስፈልግሃል። የድሮውን ጎማ በፋሸታ አጥብቆ «ይችላል» የሚልህን መካኒክ አትመነው፤ ትኩስ ሞተር ላይ የሚረጭ ቤንዚን የት እንደሚያደርስ ታውቃለህ።

ከዚያ ኮምፒውተሩና ሙሉ የሽቦ መስመሩ። አንድ ጊዜ ለደንበኛዬ በርካሽ አገኘሁ ብዬ 4ኢ ይዤ መጣሁ። ኮምፒውተር የለውም፣ ሽቦው በመጥረቢያ የተመታ ይመስላል። ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውንና ሴንሰሮቹን ከየሱቁ ስለቅም ለሞተሩ ከከፈልሁት በላይ አወጣሁ፤ ልዩነቱም ከኪሴ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ካለው ገንዘብ ከግማሽ በላዩን ለሞተሩ ብቻ የሚያውል ሰው ሲመጣ ሥራውን አልጀምርም።

ጥያቄ፦ 1,300 ሲሲ ሞተር እንጦጦን እየተነፋፈሰ ነው የሚወጣው። 4ኤ-ኤፍኢ ለምን አልገጥምም?

መልስ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። 1,331 ሲሲ ሞተር እዚህ የሚተነፍሰው ጅቡቲ ላይ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር የሚተነፍሰውን ያህል ነው። 1,587 ሲሲ የሆነው 4ኤ ደግሞ እንደ 1,200 ይሆናል። ልዩነቱ ዳገት ላይ በደንብ ይታወቃል።

ነገር ግን «ኤ» እና «ኢ» ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። (ደላላ ሁለቱን ሲያምታታ ሰምቻለሁ፤ ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ራስህ አንብብ።) ካምቢዮው፣ የሞተሩ እግሮች፣ ሴሚያሶቹ (ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች) ከሌላ ኮሮላ መምጣት አለባቸው። ፊት ለፊቱ የተመታ ሳይሆን ከኋላ ተጋጭቶ የተጣለ ባለ 4ኤ ኮሮላ ካገኘህና ሁሉንም በአንድ ላይ ከገዛህ ያዋጣል። በየአንዳንዱ እየለቀምህ ከሆነ ግን 4ኢ ግጠምና እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ውጣ። 4ኤ-ኤፍኢ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፦ የታይሚንግ ቺንጋው (ቀበቶው) ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን አይጋጩም።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አምቆ የሚይዘው ግፊት) ሳይለካ አይገዛም። ባትሪና ሞቶሪኖ (የሞተር ማስነሻ) አስመጥተህ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ አስፈትተህ፣ አራቱንም ለካ። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል፤ የመመሪያ መጽሐፉ ቁጥር የባሕር ወለል ነው። 190 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚል ሞተር አዲስ አበባ ላይ 145 ቢያሳይ አልሞተም፣ አየሩ ነው። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ ከበለጠ ተወው። ዝቅ ያለው ላይ ጥቂት ዘይት አፍስሰህ ድገመው፤ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም የቴስታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።

የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ እንደ ወተት የነጣ ቅባት ካየህ ዘይቱ ውስጥ ውኃ ገብቷል። የውኃ መግቢያው ውስጥ ጣትህን ስደድ፣ ዝገት ብቻ ከወጣ ያለ ኩላንት ኖሯል። በአዲስ ቀለም የሚያብለጨልጭ ሞተር ለእኔ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ፣ ኬኢ70 አለኝ። የኋላ ጎማ ነው የሚነዳው። ምን ይገጠማል?

መልስ፦ 4ኬ ከሆነ ያለህ 5ኬ ፈልግ፤ 1,486 ሲሲ ነው፣ ካርቡራተሩም ሽቦውም ቀላል። ከቫን የወጣ ከሆነ የዘይት መያዣው ጎድጓዳ ቅርጹ ይለያል ብለህ ጠርጥር፣ ከመግዛትህ በፊት ከአሮጌው ጋር አስተያየው። ቀጥሎ የሚመጣው 7ኬ ግን ብሎኩ ረዘም ይላል፤ ኮፈኑን ለካ።

ጥያቄ፦ ናፍጣ 2ሲ ብገጥምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ከባድ ነው፣ አንድ ጊዜ ከሞቀ ቴስታው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪትዝ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ አለኝ፤ 1,300 ማድረግ እችላለሁ? ከባሕር ዳር ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ 1ኤስዜድ ከሆነ 1,300ው 2ኤንዜድ የሌላ ቤተሰብ ሞተር ነው፤ ከእግር እስከ ኮምፒውተር ሁሉም ይቀየራል። ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ተመሳሳዩን ግዢ። ቀድሞውኑ 2ኤንዜድ ያለው ሰው ግን ወደ 1,500ው 1ኤንዜድ ቢሸጋገር ቀላል ነው፤ የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚለየው የፒስቶኑ ምት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከሞተሩ ጋር ይምጣ።

ጥያቄ፦ ሊብሬው ላይስ ችግር አይኖርም?

መልስ፦ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሳታስቀይር ብትሸጥ ወይም ለቦሎ ብትቀርብ ትያዛለህ። ከሻጩ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ ተቀበል፣ ቁጥሩንም እዚያው አመሳክር። ቁጥሩ በሞላ (በመፍጫ ማሽን) የተፋቀ ሞተር በነፃም አትውሰድ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ኮሮላህ ውድ ንብረት ነው፤ በወረቀት አታበላሸው።

ጥያቄ፦ 4ኢ አስገጥሜ ወር ሆነኝ። ጥሩ ይሄዳል፣ ነገር ግን ቤንዚን ይጠጣል። መካኒኩ «እንዳይሞቅ» ብሎ ቴርሞስታቱን (የውኃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) አውጥቶታል።

መልስ፦ መልሰው። ያለ ቴርሞስታት በአዲስ አበባ ጠዋት ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፣ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው እያለ ነዳጅ ይጨምርለታል። መካኒኩ የፈራውን ነገር የምታስቀረው በራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በእኛ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ግፊት የሚይዝ ክዳን ከሌለ ሳይሞቅ ይፈላብሃል። ነገ ክዳኑን ከነቴርሞስታቱ አዲስ ግዛና ግማሽ በግማሽ ኩላንት ሙላበት።