አስከሬኑ ቢቃጠልም የወታደር ክብሩ አይቀርም

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናታችሁንም እናንተንም ያጽናችሁ።

ያልሽው እንዲህ ነው፦ ወንድምሽ አሜሪካ አርፏል፣ በምድር ጦሩ አገልግሎ በክብር የተሰናበተ ነው፣ ሚስቱ ደግሞ ራሱ በተናዘዘው መሠረት አስከሬኑ ይቃጠላል ብላችኋለች። የወታደር ክብሩ ይቀርበታል ወይ፣ አዳማ ያሉት እናታችንስ ምን ይደርሳቸዋል ብለሽ ጠይቀሻል። እኛም እንደ ወንድምሽ ወታደር የነበረው የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሲያርፍ እዚሁ አዳማ ሆነን በስልክ ነው ሁሉንም የጨረስነው።

ክብሩ አይቀርበትም። በሣጥን ሆነ በአመድ ሕጉ አንድ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተሰብ እስከጠየቀ ድረስ በክብር ለተሰናበተ ወታደር ቢያንስ 2 የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች መላክ ግዴታ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ሟቹ ካገለገለበት ጦር መሆን አለበት። ባንዲራውን በሥነ ሥርዓት አጥፈው ለቤተሰብ ያስረክባሉ፣ ታፕስ የሚባለው የመለከት ዜማም ይሰማል። ክፍያ የለውም። በቀብር ላይ የሚተኮሰው የክብር ተኩስ ግን ከዚህ በላይ የሚጨመር ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በፈቃዳቸው የሚያደርጉት ስለሆነ ለብቻው ጠይቁ። ዋናው ነገር፣ ክብሩ ካልተጠየቀ ማንም አይመጣም። ጥያቄውን ወደ ጦሩ የሚያደርሰው አስከሬኑን የያዘው ፊውነራል ሆም (የቀብር ሥራ የሚያከናውነው ድርጅት) ነው፣ ስለዚህ ሚስቱ ዛሬውኑ «ወታደር ነበር፣ ክብሩ ይደረግለት» ብላ ትንገራቸው።

ለዚህ ሁሉ ቁልፉ ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀቱ ነው። እቤቱ ፋይሎቹ ውስጥ ይፈለግ። ካልተገኘ ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደር መዝገብ ቤት ይጠየቃል፣ እና ይሄን ልብ በይ፣ ሚስትና ልጅ ብቻ ሳይሆን እናት፣ ወንድምና እህትም መጠየቅ ይችላሉ፣ ማለት አንቺም ትችያለሽ። ለቀብር ነው ከተባለ ቅድሚያ ይሰጡታል። የስሙን አጻጻፍ በደንብ እዩት። የኛ ሰው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ወታደር ቤት ሌላ ዓይነት፣ የሞት ማስረጃው ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፣ ያኔ ነው ወረቀቱ የሚንገላታው።

ስለ ማቃጠሉ። አብዛኛው ስቴት ላይ የመፈረም መብቱ መጀመሪያ የሚስት ነው፣ እሱም ተናዟል፣ ስለዚህ ከእሷ ጋር መጣላት ለማንም አይጠቅምም። ክብሩንም ባንዲራውንም የምታስጨርሰው እሷ ናት። ግን አንዴ ከተቃጠለ መመለሻ የለውም። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አስከሬንን አፈር ማልበስ ስለሆነ ቄሱን በግልጽ አነጋግሩ፣ ሳትደብቁ፣ አስከሬኑ እያለም ጸሎት ይደረግለት። ወታደራዊው ክብር ግን ቀን ይጠብቃል፣ ማቃጠሉ ካለቀ በኋላ ዘመድ በሚመቸው ቀን ሊደረግ ይችላል። ሚስቱን አንድ ነገር ብቻ ለምኝልኝ፦ ጸሎቱ ሳይደረግ አትፈርሚ በያት።

ከዚያ አመዱ የት ይሁን? የመንግሥት የቀድሞ ወታደሮች መካነ መቃብር ከሆነ ቦታው፣ ስሙ ያለበት ድንጋይና እንክብካቤው በነፃ ነው። ማቃጠሉንና የፊውነራል ሆሙን ሂሳብ ግን ቤተሰብ ነው የሚከፍለው፣ ለአንዳንዱ ብቻ ከፊሉን የሚሸፍን የቀብር ድጎማ አለ። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የወታደሮች መካነ መቃብር አርሊንግተንም ለአመድ የተሠራ ግድግዳ አለው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ወደ አዳማ ይምጣ ካላችሁ ደግሞ ክብሩ እዚያው ይደረግና ይምጣ። ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው፣ በእጅ ይያዛል፣ መያዣው ከብረት ይልቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፣ ምክንያቱም ኤርፖርት ላይ ማሽኑ ውስጡን ማየት አለበት። የሞት ማስረጃውና የማቃጠሉ ሰርተፍኬት አብሮ ይያዝ፣ ቲኬት ሳይቆረጥ አየር መንገዱና ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ይጠየቁ። እኛ ቨርጂኒያ እንዲያርፍ ተስማማን፣ ልጆቹ እዚያ ስላሉ። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ፣ አባታቸው ያለበትን ሄደው ያያሉ።

ባንዲራው አንድ ነው፣ ለሚስት ነው የሚሰጠው። ለእናት ግን በፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሚወጣ የመታሰቢያ ሰርተፍኬት አለ፣ ዘመድ ከአንድ በላይ ቅጂ መጠየቅ ይችላል፣ እሱም በነፃ ነው። አክስቴ የሷን በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። ይሄን አትተዪው።

ሥነ ሥርዓቱ በመካነ መቃብሩ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። አንድ ሰው ስልክ ይዞ በቀጥታ ያሳያችሁ። እዚያ ዋሽንግተን አካባቢ ከጠዋቱ 5 ሰዓት (እነሱ 11 ሰዓት የሚሉት) ሲሆን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ነው። ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፣ ዋይፋይ ያለበት ቤት ተሰብሰቡ፣ መብራት ቢሄድም ዳታ ይኑራችሁ።

የመጨረሻው የሚከብደው ነው። እናታችሁ መርዶውን ሰምተዋል ብለሻል፣ መቃጠሉን ግን ገና አልነገራችኋቸውም። ንገሯቸው። ድንኳን ውስጥ ለቅሶ የመጣ ሰው «አስከሬኑ መቼ ይገባል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ እሳቸው ከዚያ መስማት የለባቸውም። እኛ ቤት ለአክስቴ የነገሯት የንስሐ አባቷና የእድሩ ዳኛ ነበሩ፣ የልጇ የራሱ ፈቃድ እንደሆነ ከፎቶው ጋር ቁጭ ብለው አስረዷት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ባንዲራው ለልጇ ሲታጠፍ ግን ከኛ ጋር ሆና እስከ መጨረሻው አየችው። የእድሩን ዳኛ ዛሬ አነጋግሩት፣ አስከሬን ባይመጣም ድንኳኑና ሐዘኑ እንደ ወጉ ይሆናል።

የት ስቴት እንደሆነና ዲዲ 214ቱ መገኘቱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ፊውነራል ሆሙን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እነግርሻለሁ።