ካቨርኖማ ተገኘባት፤ ቀዶ ጥገና ይሻላል ወይስ ክኒን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት እህቴን ባለፉት አራት ወራት ሦስት ጊዜ ጣላት። ባሕር ዳር ኤምአርአይ ተነሥታ «በቀኝ በኩል ከጆሮ በላይ 14 ሚሊ ሜትር ካቨርኖማ አለ፤ የፈሰሰ ደም የለም» ተባልን። ሌቬቲራሴታም የተባለ የሚጥል በሽታ ክኒን 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ታዘዘላት። አንዱ ሐኪም «በክኒን ትቆይ»፣ ሌላው «በቀዶ ጥገና ይውጣ» አሉን። ዘመድ ደግሞ «ካንሰር ነው፣ በጨረር ይቃጠላል» ይላል። እናታችን ጸበል ሊወስዷት አስበዋል፤ እዚያ ስትቆይ ክኒኑን ታቋርጥ?
— ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ካንሰር አይደለም፤ ይህን መጀመሪያ ለእናታችሁ ንገሯቸው። ካቨርኖማ በአንጎል ውስጥ ግድግዳቸው የሳሳ ጥቃቅን የደም ስሮች እንደ እንጆሪ ፍሬ ተጠጋግተው የሚሠሩት እብጠት ነው። ከ200 ሰው አንዱ ገደማ አለበት፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። ደም በውስጡ በዝግታ ስለሚያልፍ አልፎ አልፎ በጥቂቱ ይንጠባጠባል። ከዚያ ደም የሚቀረው ብረት ዙሪያውን ዝገት አስመስሎ ያጠቁረዋል፤ ያንን የአንጎል ክፍል እየቆጠቆጠ የሚጥላትም እሱ ነው።

ሕክምናውን የሚወስኑት ያለበት ቦታና እስካሁን ያደረሰው ጉዳት ናቸው። ከአንጎል ግንድ (አንጎልን ከጀርባ አጥንት ውስጥ ካለው የነርቭ ገመድ ጋር ከሚያገናኘው ክፍል) ውጪ ያለና ከዚያ መንጠባጠብ አልፎ ደምቶ የማያውቅ ካቨርኖማ በአምስት ዓመት ውስጥ የመድማት ዕድሉ ከመቶ 4 ገደማ ነው። አንዴ ከደማ ወደ 18፣ በአንጎል ግንድ ላይ ሆኖ ከደማ ደግሞ ወደ 31 ይደርሳል። የእህትዎ ከዝቅተኛው ወገን ስለሆነ በክኒን መጀመሩ ተገቢ ነው። የሁለተኛው ሐኪም ምክርም ስሕተት አይደለም፤ ቦታው ለቀዶ ጥገና የሚመች ነው።

የታዘዘላት የመነሻ መጠን ነው። ከጣላት ሐኪሙ ቀስ በቀስ እስከ 1500 ሚሊ ግራም ሁለት ጊዜ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ መጠኑ ሳይጨመር «መድኃኒቱ አልሠራም» አይባልም። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ትዋጥ። ከረሳች እንዳስታወሰች ትውሰድ እንጂ ሁለቱን ባንዴ አትደርብ። ቁጣና ሐዘን ከበዛባት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ይህ መድኃኒት ያንን ያመጣል። ቫልፕሮይክ አሲድ የተባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በመውለድ ዕድሜ ላለች ሴት ፅንስን ስለሚጎዳ በራሳችሁ ወደ እሱ እንዳትቀይሩ።

ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም። ሌቬቲራሴታም በባዶ ሆድም ስለሚዋጥ በጸበሉ ልትውጠው ትችላለች። በድንገት ማቋረጥ ግን ሳይለቅ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ይህ ይገድላል። ስትጠመቅም አጠገቧ ሰው ይቁም።

በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በሙሉ መጠናቸው ካልያዟት ወይም ካቨርኖማው ከደማ ቀዶ ጥገናው ይቀድማል። ያኔ ለዓመታት ማዘግየት ውጤቱን ያሳንሳል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ እብጠቱን ብቻ ሳይሆን የዛገውንም ጠርዝ ያወጣል፤ ጠርዙ ከቀረ መጣሉ ሊቀጥል ይችላል። በሚጥል በሽታ ምክንያት ከተሠራላቸው ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከመጣል ይድናሉ። ክኒኑ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለጊዜው ይቀጥላል።

ጨረሩ ጋማ ናይፍ የሚባለው ነው። ካቨርኖማውን አያጠፋውም፤ የሚታሰበውም ጥልቅ ቦታ ላይ ሆኖ ደጋግሞ ለደማ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎልና የኮሌስትሮል መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን ለዚህ ሕመም ተጠንተዋል፤ መድማትን እንደሚከላከሉ ግን አልተረጋገጠም፤ ገንዘብ አታውጡባቸው።

እኛን ከሁሉ የሚያሰጋን ምድጃው ነው። መጣሉ እስኪያዝ ድረስ ብቻዋን እንጀራ አትጋግር፣ ብቻዋን ወንዝ አትውረድ፤ አረቄም ይቅርባት። ስትወድቅ በጎኗ አዙራችሁ ሰዓት ያዙ። ክብሪት አታሽትቷት፣ አፏን በማንኪያ አትፈልቅቁ፤ ጥርስ ይሰበራል፣ ትንታም ይገባል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የአንድ ጎን መዛል ከመጣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ አዲስ ደም በሲቲ ስካን ይታያል።

ለቀጠሮው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዙ። ኤምአርአዩ ጥቃቅን የደም ቅሪት የሚያሳየው ኤስደብሊውአይ የሚባለው ምስል ተነሥቶለት እንደሆነ ጠይቁ፤ ትንንሽ ካቨርኖማዎች ጎልተው የሚታዩት በሱ ነው። ከአንድ በላይ ከተገኘ በዘር የሚተላለፈው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ እርስዎንም ጨምሮ ራስ ምታት ወይም መጣል ያለበት የቤተሰብ አባል ይታይ።