የልጆች ሄፓታይተስ ሲ፦ ከድሬና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፦ በእርግዝና ክትትል ላይ ሄፓታይተስ ሲ አለብሽ ተባልኩ። ልጄ 7 ወሩ ነው፤ የጣት ደም ተወስዶ ሲመረመር ፖዘቲቭ ሆነ። ያዘው ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አይታወቅም እህቴ። ሄፓታይተስ ሲ የጉበት ቫይረስ ነው፤ ያ ምርመራ ግን ቫይረሱን ሳይሆን አንቲቦዲውን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን፣ ነው የሚያየው። ያንቺ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ እስከ 18 ወሩ ደሙ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወይ 18 ወር ሲሞላው ይደገም፣ ወይ ደግሞ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የአርኤንኤ ምርመራ አሁኑኑ ይሠራለት፤ እሱ ከ2 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሆናል። ድል ጮራም ሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትሄጂ «ማሽኑ አለ ወይ?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ለቲቢ የሚጠቀሙበት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ይህንንም ያነባል፤ የሚለየው ካርትሪጁ፣ ማለትም ናሙናው ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ፣ ነው። «የሄፓታይተስ ሲ ካርትሪጅ አለ?» በዪ።

አንቺስ አርኤንኤ ተመርምረሻል? አንቲቦዲ ብቻ ኖሮሽ በእርግዝናው ጊዜ ቫይረሱ ደምሽ ውስጥ ካልነበረ ለልጁ የምታስተላልፊው የለም። ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት የሚያዙት 6 ገደማ ናቸው፤ እናትየዋ ኤችአይቪም ካለባት ወደ 11 ይጠጋሉ።

ጥያቄ፣ ከዚያችው እናት፦ ጡት ላቁም?

መልስ፦ አታቁሚ። የጡትሽ ጫፍ ተሰንጥቆ የሚደማ ከሆነ ብቻ እስኪድን ከዚያኛው ጡት እያለብሽ ድፊው።

ጥያቄ፣ ከሐረር፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው፣ 17 ኪሎ። በአርኤንኤ ተረጋግጦባታል። መድኃኒት አለው ወይስ ዕድሜ ልክ ነው?

መልስ፦ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ከ3 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች በሚዋጥ መድኃኒት እንዲታከሙ ይመክራል። ከ3 ዓመት በታች የሚጠበቀው በወሊድ ከተያዙት ውስጥ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ቫይረሱን በራሳቸው ስለሚያጸዱት ነው።

ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የሚባሉት ኪኒኖች ከታዘዙላት ክብደቷ ከ14 እስከ 25 ኪሎ ስለሆነ በቀን አንዴ 200 እና 30 ሚሊግራም ነው፣ ለ12 ሳምንት። ከ26 ኪሎ ጀምሮ 400 እና 60 ይሆናል፤ ስለዚህ በሚጀመርበት ቀን ትመዘን፣ የከረመ ካርድ ላይ ያለ ኪሎ አይታመን። የአዋቂውን ኪኒን ቤት ውስጥ በቢላ መክፈል አያስፈልግም፤ መጠኑን ፋርማሲው ያስተካክል።

ከመጀመሯ በፊት ሄፓታይተስ ቢ ትመርመር፤ ቢው ካለባት፣ ሲው ሲጠፋ እሱ ሊቀሰቀስ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሌላ መድኃኒት ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታዎቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሄፓታይተሱን መድኃኒት ከደም ውስጥ ስለሚያሳንሱት ሕክምናው ይከሽፋል። የምትወስደውን ሁሉ በላስቲክ ይዘሽ ሂጂና አሳዪ።

ጥያቄ፣ ከከዚራ፦ አቦ፣ ለወፍ በሽታ የሚሰጠው ቅጠልስ?

መልስ፦ የወፍ በሽታ የምንለው የዓይን ቢጫ መሆን ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ነጭ፣ ጨዋታው የደራ ነው። ቢጫ የሆነውን ልጅ ብዙ ጊዜ የያዘው ሄፓታይተስ ኤ ነው፤ እሱ በራሱ ይለቃል፣ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሄዳል። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ እኔ አልሰጥም።

ጥያቄ፣ ከዚያው፦ አብረው ቢበሉስ?

መልስ፦ ጉርሻ፣ አንድ ትሪ፣ መሳም አያስተላልፍም። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ ይሁን። እንጥል ማስቆረጥና ዋግምት ይቅር፤ አንድ ምላጭ ስንት ልጅ ላይ እንደዋለ አይታወቅም።

ጥያቄ፣ ከሐረር፦ ወንድሜ መድኃኒቱን ጨርሶ ድነሃል ተባለ። ሌላ ቦታ ሲመረመር እንደገና ፖዘቲቭ። አገረሸበት?

መልስ፦ አንቲቦዲ ተመርምሮ ከሆነ ምንም አይናገርም፤ የዳነ ሰው ደም ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። መዳኑ የሚታወቀው መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ አርኤንኤ ተሠርቶ ቫይረስ ሲጠፋ ነው፤ በትክክል ከወሰዱት ከ100 ከ95 በላይ እዚያ ይደርሳሉ። ያንን ወረቀት ኮፒ አድርጎ ይያዝ፤ ሌላ ጊዜ የሚመረምረው ሰው ቢጠይቀው የሚያሳየው እሱን ነው።